አራት ጡት ያላት ጎተራ

ሙሽሪት ካገባች ቆይታለች። ሦስት ልጆች ወልዳለች፤ ትልቁ ልጇ የፊት ጥርሶቹን ነቃቅሎ አዲስ አብቅሏል። እሷ ግን ዛሬም ሙሽሪት ናት። መንደር አንዴ ያወጣውን ስም መልሶ አይወስድም።

ባሏም ስም ወጥቶለታል፤ ባለቁልፉ ይሉታል። ቁልፉ የጎተራ ነው። በጠፍር አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። ሲያርስ አያወልቀውም፣ ሲታጠብ አያወልቀውም፣ ሲተኛም አያወልቀውም። የዚያን ብረት ቅዝቃዜ ከሙሽሪት የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም፤ እሷም ብትሆን ለማንም አታወራውም።

ጎተራዋ ከቤቱ ጀርባ በአራት ወፋፍራም እግሮች ላይ ቆማለች። በእንጨት ተሠርታ በጭቃና በእበት የተመረገች፣ ሆዷ የሰፋ፣ አንገቷ የጠበበ ነች። አፏ አናቷ ላይ ነው። ከባድ የእንጨት ክዳን አለው፤ ክዳኑ ላይ ደግሞ ጓጉንቸር። ወደ ላይ የሚወጣው በመሰላል ሲሆን መሰላሉ ላይ የሚወጣው ባለቁልፉ ብቻ ነው። ሴት መሰላል ከወጣች እህሉ በረከት ያጣል ይባላል። ይህን መጀመሪያ ያለው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ወንድ መሆኑ ግን አያጠራጥርም።

ምርጊቱ ግን የሴት ሥራ ነው። ጭቃ ማቡካት፣ እበት መቀላቀል፣ ጎተራዋ ሥር ተንበርክኮ የተሰነጠቀውን መድፈን የሙሽሪት ነው። ስለዚህ ባለቁልፉ ጎተራዋን የሚያውቃት ከላይ ነው፣ ሙሽሪት ከታች።

ባለቁልፉ በየሳምንቱ ይወጣና የሳምንቱን ስንዴ ሰፍሮ ለሚስቱ ያወርድላታል። ከዚያ የቀረውን በመዳፉ አስተካክሎ ይደለድላል። ቀጥሎ ከቀበቶው ላይ ጣሳውን ይፈታል። ጣሳው የሚጠጣበት ጣሳ ነው፤ አንድ ቀን ድንጋይ ላይ ወድቆ ቂጡ ተጨርምቷል። የተጨረመተውን ቂጥ ስንዴው ላይ ጫን ሲያደርገው አንድ ጎኑ የጎበጠ ክብ ይወጣል። እንደዚያ ያለ ጣሳ በአገሩ የለም። ከላይ አንድ እፍኝ የነካ ሰው ክቡን ያጠፋዋል፤ ክቡን ያጠፋ ሰው ደግሞ መልሶ ሊሠራው አይችልም። ባለቁልፉ በዚህ ብልሃቱ በጣም ይኮራል።

«ባንክም እንዲህ አይጠብቅም፤» ይላል።

የሚጠብቀው ግን ከሚስቱ ነው እንጂ ከራሱ አይደለም። አምና አዝመራው እንደገባ ግማሹን ስንዴ ሸጦ የመጠጥ ቤት ጓደኞቹን ጋበዘ፣ ለራሱም የሚያንጸባርቅ ቁልፍ ያለው ካፖርት ገዛ። ክረምቱ ሲገባ ካፖርቱ ነበረ፣ ስንዴው አልነበረም። በዚያ ቤት የሚበላው በተራ ነው። መጀመሪያ ባለቁልፉ፣ ከዚያ ልጆቹ፣ ከዚያ አማቷ፣ መጨረሻ ላይ ሙሽሪት፤ የእሷ ድርሻ ድስቱ አልለቅም ያለው ነው። አምና በክረምት ድስቱ እንኳን የሚይዘው አጣ። ትንሿ ልጇ በቀን ትተኛ ጀመር፤ እንቅልፍ ሳይሆን አቅም ማጣት ነበር። ያን ጊዜ ሙሽሪት ጎረቤት ሄዳ ወንፊት አዋሱኝ አለች። ጎረቤቲቱ ወንፊቱን ሰጠቻት። ሙሽሪት ወንፊቱን ይዛ ቆመች እንጂ አልሄድ አለች። ጎረቤቲቱ ቆይቶ ገባትና ወንፊቱ ላይ ዱቄት ጨመረችበት። ሁለቱም ስለ ዱቄቱ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ሙሽሪት ወደ ቤቷ ስትመለስ ለራሷ አንድ ነገር ተናገረች፦ ሁለተኛ ወንፊት አልዋስም።

ዘንድሮ አዝመራው ጥሩ ነበር። ጎተራዋ እስከ አንገቷ ሞላች። ሙሽሪት ልቧ ረጋ ብሎ ሳለ ባለቁልፉ አንድ ቀን ከመጠጥ ቤት እያፏጨ መጣ።

«ፈረስ ላመጣ ነው፤» አለ።

«ፈረስ?»

«ቀይ ፈረስ። ሚዛኑ አግኝቶልኛል።» ሚዛኑ የእህል ነጋዴው ነው፤ ሚዛኑን ትከሻው ላይ ሳይሸከም ስለማይታይ ነው ስሙ የወጣለት። «ግማሽ ጎተራ ስንዴ እሰጠዋለሁ፣ ፈረሱን ይሰጠኛል።»

«ምን ይሠራልናል?»

«ፈረስ ምን ይሠራል? ይጋለባል።»

«ይበላልም፤» አለች ሙሽሪት።

«ሣር ነዋ የሚበላው። ክረምት ሲገባ ሣር ሞልቷል።»

«ለእሱስ ሞልቷል። እኛ ምን ልንግጥ ነው?»

ባለቁልፉ እንደ መሳቅ አለ። «ክረምቱ ራሱ ያውቃል። አንቺ ደግሞ ገና ያልዘነበ ዝናብ ያበሰብስሻል። ለመጠጥ ቤቱ ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ እኮ፤ አሁን ቀረ ልበል?»

ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ባለቁልፉ ለሚስቱ የተናገረውን ያጥፋል፤ ለመጠጥ ቤት የተናገረውን ግን አጥፎ አያውቅም።

በማግስቱ ባለቁልፉ እርሻ ሲሄድ ሙሽሪት ጭቃ አቦካች። የሚያያት ሰው ምርጊት ልታድስ ነው ይላል። እውነትም ጭቃውን ይዛ ጎተራዋ ሥር ተንበረከከች፤ ጉያዋ ውስጥ ግን ቢላ ነበር። ከጎተራዋ ወለል ከፍ ብሎ አንድ ቦታ መረጠችና በቢላው ጫፍ ትቆረቁር ጀመር። ምርጊቱ ሲረግፍ ቢላው እንጨት አላገኘም፤ አንድ ለስላሳ ነገር ላይ ተሰካ። ስትጎትተው የበቆሎ ቆሮቆንዳ ወጣ። አሮጌ፣ የጠቆረ፣ እንደ ውታፍ የተወተፈ ቆሮቆንዳ። በተከፈተው ቀዳዳ ስንዴው እንደ ወተት ተንዠቀዠቀ። ሙሽሪት ደንግጣ ቀሚሷን ዘረጋችበት።

«በቀሚስ አይታለብም፤» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ። «ገበቴ አምጪ።»

አማቷ ነበሩ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሙሽሪት ስንዴውን እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች።

«ድፈኝው እንጂ ልጄ። ከአንድ ጡት ብቻ ካለብሽ ከላይ በአንድ ጎን ይሰምጥና የዚያ የጅል ጣሳ ይንጋደዳል።»

ሙሽሪት ደፈነችው። «እማማ... ያውቁ ነበር?»

«አራት ናቸው። በየእግሯ አጠገብ አንድ አንድ። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ገበቴ ትወስጃለሽ፣ ዙረሽ ስትጨርሺ ሆዷን ቸብ ቸብ ታደርጊያታለሽ። ከላይ ያለው እንደተስተካከለ ይወርዳል። የጣሳው ማኅተም ምንም አይሆንም። ሦስቱን የበሳኋቸው እኔ ነኝ። የባልሽ አባት ደግሞ የእሱን ያህል እንኳን የዋህ እንዳይመስልሽ።»

«አራተኛውስ?»

አማቷ ፈገግ ብለው መልሱን ዘለሉት።

ሙሽሪት አሁን ሌላ ነገር ትዝ አላት፤ ፊቷም ጠቆረ። «ታዲያ አምና... ልጆቹ እንደዚያ ሲሆኑ ምነው ዝም አሉኝ?»

«አምናማ ጎተራዋ ራሷ ደርቃ ነበር፣ ምን ይታለባል። ከመሸጡ በፊት ልነግርሽ ነበረብኝ፤ ሄደሽ ለእሱ ትነግሪብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ምራት ነሻ። ምራትን ማን ያምናል?» አሮጊቷ አንገታቸውን ደፋ አደረጉ፤ እንደዚያ ሲያደርጉ ሙሽሪት አይታ አታውቅም። «ዛሬ ግን ቢላ ይዘሽ ስትንበረከኪ አየሁና፣ ይህችስ የእኛው ናት አልኩ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለቁልፉ እርሻ ሲወርድ ጎተራዋ ትታለባለች። የታለበው የት ይግባ የሚለውን የፈቱት አሁንም አማቷ ናቸው። የሚተኙበት የገለባ ፍራሽ አላቸው፤ ገለባውን በጥቂት በጥቂቱ እያወጡ ስንዴ ሞሉበት። ፍራሹ ግማሽ ሲደርስ ወገቤን አሉና አልጋ ያዙ። በሽተኛ እናቱን ከአልጋ አንስቶ ፍራሽ የሚበረብር ወንድ ልጅ ገና አልተወለደም።

ባለቁልፉ ማታ ማታ ሊጠይቃቸው እየገባ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል።

«እማ፣ ፍራሽሽ ደንድኗል።»

«እኔው ነኝ የደነደንኩት ልጄ። እርጅና ነው።»

«ገለባ ላስቀይርልሽ?»

«አይ፣ ለምጄዋለሁ። ዛሬስ እንዲያውም እንዲህ ተመችቶኝ ተኝቼ አላውቅም።»

በሩ ላይ የቆመችው ሙሽሪት ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን በጥርሷ ነክሳ ወደ ማድቤት ትሮጣለች።

ባለቁልፉ የሳምንቱን ሊሰፍር ሲወጣ ነገሩ ግራ ገባው። ክቡ አለ፤ የጎበጠው ጎኑ ሳይቀር እንደነበረ አለ። ግን ርቋል። ቀድሞ እጁን ሲሰድ እስከ አንጓው ድረስ ነበር፤ አሁን እስከ ክርኑ ገባ። በሳምንቱ ደግሞ እስከ ብብቱ። ሙሽሪት ከታች ሆና እግሮቹን ብቻ ታያለች፤ እግሮቹ መሰላሉ ላይ ሲቁነጠነጡ ሁሉን ነገር ያስታውቃሉ።

«ከላይ የነካው የለም፤» አላት ሲወርድ። ይህን ያለው እሷን ጠርጥሮ ሳይሆን የሚያዋየው ሰው አጥቶ ነው።

«ማኅተምህ አለ አይደል?»

«አለ።»

«ታዲያ ማኅተም ካለ ምን ትሆናለህ? ባንክም እንዲህ አይጠብቅም።»

ወደ እናቱ ገባ። አማቷ ትራሳቸው ላይ ቀና አሉና ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሽያጭ ወሬ አጠገቧ አውርተሃል?»

«ከማን አጠገብ?»

«ከጎተራዋ። ይህች ጎተራ ትሰማለች እኮ። አባትህ ሊሸጥ ባሰበ ቁጥር ትሰምጥበት ነበር። ኋላ ኋላ ከነጋዴ ጋር ሲነጋገር ወንዙ ማዶ ነበር የሚሄደው፤ ልጅ ሆነህ አይተሃል።»

ባለቁልፉ ትዝ አለው። እውነት ነው፣ አባቱ ነጋዴ ሲመጣ ወንዝ ማዶ እየወሰደ በሹክሹክታ ያወራ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። አሁን ገባው። ቢያንስ የገባው መሰለው።

ሚዛኑ ሲመጣ ባለቁልፉ ከመንገድ ላይ ጠልፎ ወሰደው። ሙሽሪት ከማድቤቱ በር ሆና ታያቸዋለች፤ ሁለት ትልልቅ ወንዶች አጥር ሥር አንገት ለአንገት ገጥመው ይንሾካሾካሉ። ቆይተው በእግር ጣታቸው እየተራመዱ ወደ ጎተራዋ መጡ። ሚዛኑ መሰላሉን ወጥቶ አንገቱን አስገባና ለረጅም ጊዜ አየ።

«እኔ ዕድሜ ልኬን ስንዴ ገዛሁ፤» አለ ሲወርድ። «ሲወደድ አይቻለሁ። ሲነቅዝ አይቻለሁ። በገዛ እጁ ሲወርድ ግን አላየሁም።»

«ቀስ በል። ትሰማለች።»

«ማን?»

ባለቁልፉ በአገጩ ወደ ጎተራዋ አመለከተ። ሚዛኑ አንዴ ጎተራዋን፣ አንዴ ደንበኛውን አየ። ነጋዴ ነውና የደንበኛውን ጤና መመርመር የእሱ ሥራ አይደለም።

«እንግዲያው ሳይሰምጥብህ እንጨርስ። ግማሽ የሚባለው እንኳን የለም። ያለውን በሙሉ ስጠኝና ፈረሱን ውሰድ። ነገ ጠዋት ፈረሱንም አህዮቹንም ይዤ እመጣለሁ።»

«በሙሉ?»

«መጠጥ ቤት ሰው እየጠየቀኝ ነው፤» አለ ሚዛኑ። « ፈረሱ የት ደረሰ እያሉ ይስቃሉ።»

ባለቁልፉ ጣሳውን ከቀበቶው ፈትቶ፣ መልሶ አሰረው። «እሺ፤» አለ።

ሙሽሪት «በሙሉ» የሚለውን ስትሰማ የያዘችው ማማሰያ ከእጇ ወደቀ። ፍራሹ ውስጥ ያለው እስከ ክረምቱ አጋማሽ ቢያደርስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት በሙሉ ጎተራዋ ሆድ ውስጥ ነው፤ እሱ ነገ በአህያ ሊሄድ ነው። ባለቁልፉ ነጋዴውን ሊሸኝ ወጣ ሲል ገበቴውን ይዛ ሮጠች። ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው እየዘለለች አለበች። ስንዴው ውጭ ፈሰሰ፣ ውታፎቹን እንደነገሩ ወተፈች። ጭቃ ለመቀባት ጊዜ አልነበራትም፤ የባሏ ፉጨት አጥሩ ጋ ደርሶ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሙሽሪት ለመልቀሚያ እንኳን ጊዜ አላገኘችም።

የፈሰሰውን የለቀሙት ዶሮዎች ናቸው።

በማግስቱ ጠዋት ባለቁልፉ እርሻ አልሄደም። ካፖርቱን ለብሶ ጎተራዋ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ፈረስ የሚቀበል ሰው መስሎ። ሙሽሪት ማድቤት ሊጥ ታቦካለች፤ ዓይኗ ግን ሊጡ ላይ አይደለም። ዶሮዎቹ የወትሮውን ጓሮ ትተው ጎተራዋ ሥር ተሰብስበዋል። እንዲሁ ተበታትነው ቢሆን ደግ ነበር። እነሱ ግን በአራት ጉባኤ ተከፍለው፣ በየእግሩ አጠገብ ክብ ሠርተው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን።

ባለቁልፉ ዶሮዎቹን አየ። ራሱን አከከ። እንደገና አየ።

ከዚያ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ጎተራዋ ሥር ተንበረከከ።

ሙሽሪት እጇ ከነሊጡ ደረቷ ላይ ቀረ። የካፖርቱ ጀርባ ጎተራዋ ሥር ሲገባ፣ ሲዞር፣ ሲቆም አየች። ቀጥሎ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፣ ዶሮዎቹ በደስታ ጮኹ፣ ቀጥሎም ባለቁልፉ።

«ኸረ! እማ!»

«መነሳት አልችልም ልጄ፤» አሉ አማቷ በመስኮታቸው። «ከፍራሼ ከተነሳሁ ጉድ ይፈላል።»

«አንቺ! ሙሽሪት!»

ሙሽሪት መጀመሪያ ሮጠች። ጎተራዋን ዞራ ስታየው ግን እርምጃዋን ቀነሰች፤ በመጨረሻም ቆመችና እጇ ላይ የደረቀውን ሊጥ ቀስ ብላ ትፈቀፍቅ ጀመር። ባለቁልፉ አንዱን ውታፍ ነቅሎ ስንዴው ሲፈስበት በቀኝ መዳፉ ደፍኖታል፤ ሲደፍን ትከሻው ሌላውን ውታፍ ገፍቶ ጥሎታልና እሱን ደግሞ በግራው ደፍኗል። በጎተራዋ ሁለት እግሮች መሐል ክንዶቹን ዘርግቶ ተንበርክኳል። ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ስንዴ ሞልቷል። አንዲት ዶሮ ተረከዙ ላይ ቆማ ኪሱን ትለቅማለች።

«አንቺ ነሽ?» አላት በጥርሱ።

«ምኑ?»

«ይሄ ቀዳዳ።»

«እኔ አንድም ቀዳዳ አልበሳሁም። ልማልልህ እችላለሁ።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«እናትህን ጠይቃት።»

«እማ?» አለ ድምፁ ቀጥኖ።

«ሦስቱ የእኔ ናቸው!» አሉ አማቷ። «አራተኛው እኔ ሳገባ ነበር፤ አያትህ ናት የበሳችው። ነፍሷን ይማር፤ ጥሩ ሰው ነበረች።»

ባለቁልፉ ግንባሩን ጎተራዋ ላይ አስደገፈ። ስንት ዘመን ሙሉ ወንዶቹ ከላይ ሲቆልፉ ሴቶቹ ከታች ሲያልቡ እንደኖሩ ባንድ ጊዜ ታየው። የአባቱ ሹክሹክታም ትዝ አለው፤ ወንዝ ማዶ ድረስ የተጓዘው ለምን እንደነበረ።

«ውታፎቹን ስጪኝ፤» አለ።

«ውታፎቹ እኮ ተንከባለው ሄደዋል። ፈልጌ ላምጣ አላምጣ እያሰብኩ ነው።»

«ስንዴው ሊፈስ ነው!»

«አዎ። ብትለቀው ጭቃው ላይ ይፈሳል፣ ብትይዘው እንደዚህ ትቆያለህ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት ይሄኔ ነው።» ሙሽሪት ጎንበስ ብላ ፊቱን አየችው። ሳቅ እየመጣባት ነበር፤ ትንሿ ልጇ በቀን የተኛችበት ክረምት ትዝ ሲላት ግን ሳቁ ጠፋ። «ስማኝ። አምና ወንፊት ለመዋስ ስሄድ ወንፊት አልነበረም የቸገረኝ። ልጅህ ረሃብ ነበር ያስተኛት። አንተ ያን ጊዜ ካፖርት ለብሰህ ነበር።»

ባለቁልፉ አሁንም ካፖርቱን እንደለበሰ ነው።

ከመንገዱ ወዲያ የኮቴ ድምፅ መጣ። አንድ ፈረስና ብዙ አህያ።

«ሚዛኑ ነው፤» አለች ሙሽሪት። «እንዲህ ተንበርክከህ፣ ሁለት እጅህን ሁለት ጡት ላይ አድርገህ ያገኝሃል። ማታ መጠጥ ቤት ምን እንደሚል እሱ ያውቃል። ጥጃ ሳይልህ አይቀርም።»

«ምን ፈለግሽ?» አላት። ላቡ ከአፍንጫው ላይ ይንጠባጠባል።

«አዲሱ አዝመራ ሳይገባ ከዚህ ጎተራ ለሽያጭ አንዲት ፍሬ አትወጣም። ቁልፉም ማድቤት፣ ምስማር ላይ ይሰቀላል።»

«ማድቤት? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን አሁን ልትሰማ ነው። ቀረብ ብለዋል።»

ፈረሱ አጥሩ ጋ አሽካካ። ባለቁልፉ ዓይኑን ጨፈነ።

«ውሰጂው። አንገቴ ላይ ነው፣ እጄን ማንሳት አልችልም።»

ሙሽሪት ጠፍሩን በራሱ ላይ አወጣችው። ቁልፉ ሞቆ ነበር፤ ያን ብረት ሞቆ ስትነካው የመጀመሪያዋ ነው። ውታፎቹን ከዶሮዎቹ አፍ ነጥቃ አምጥታ ወተፈች፣ ከምድር ጭቃ ዝቃ መርጋ ደፈነች። ሚዛኑ ቀይ ፈረሱን እየሳበ ጎተራዋን ሲዞር፣ ባለቁልፉ ጸጉሩ ላይ ስንዴ እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር።

«ይኸው ፈረስህ፤» አለ ሚዛኑ።

ፈረሱ በእውነት ያምራል። ባለቁልፉ አንገቱን ሊዳብስለት እጁን ዘረጋ፤ ፈረሱ ግን ቀድሞት አፍንጫውን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተና ስንዴውን መብላት ጀመረ። ባንዴ ጨረሰው። ሌላ ኪስ ፈለገ።

«ሣር ነው የሚበላው አላልከኝም?» አለች ሙሽሪት።

«ሣርም ይበላል፤» አለ ሚዛኑ፣ «ስንዴ ሲያጣ።»

ባለቁልፉ የፈረሱን አፍ ከካፖርቱ አላቀቀ። «አልሆነም፤» አለ። «ጎተራዋ እምቢ አለች።»

«ምን?»

«ሰምታናለች።»

ሚዛኑ የሚለው ብዙ ነበር። ግን ሙሽሪት እጅ ላይ የተጠቀለለውን ጠፍርና ከጠፍሩ ጫፍ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አየ። የራሱን ሚስትም አስታወሰ መሰለኝ፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ አህዮቹን ከወትሮው አፍጥኖ እየነዳ፣ የገዛ ጎተራውን እግሮች ሊያይ የቸኮለ ይመስል ነበር።

ክረምቱ ገባ፣ ዝናቡ ከበደ፣ የመንደሩ ጭስ ቀነሰ። በእነ ሙሽሪት ቤት ግን ማድቤቱ ይጨሳል። ፍራሹ እየሳሳ፣ አማቷ እየዳኑ ሄዱ፤ የመጨረሻው ስንዴ የወጣ ዕለት ወገባቸው ጨርሶ ተሻላቸውና ተነስተው ምርኩዛቸውን ፍለጋ ጀመሩ። ባለቁልፉ ዳቦ ሲቀርብለት «ለእናንተስ?» ማለት ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ባዕድ ቋንቋ አስቸገረው፣ ኋላ ተላመደው፤ ቆይቶም ሁሉም ባንድ ገበታ ይቀመጡ ጀመር። ድስቱ አልለቅም የሚለውን የሚበላው ማን እንደሆነ አሁን በግፊያ ነው የሚወሰነው፤ ብዙ ጊዜ ትንሿ ልጅ ታሸንፋለች።

ቁልፉ ማድቤት ምስማር ላይ፣ ከወንፊቱ ጎን ተሰቅሏል። ወንፊቱ የራሳቸው ነው። መሰላሉን ሙሽሪት ትወጣለች፤ በረከቱ ሲጎድል እስካሁን አልታየም። ማኅተሙን ግን ለባለቁልፉ ትታለታለች። ሰፍራ ስትጨርስ እሱ ይወጣና ጣሳውን ጫን ያደርጋል። መጠጥ ቤት ሲጠይቁት «ለጊዜው ፈረስ አልፈለግኩም፤» ይላል፤ «እህሉን ራሴ ነኝ የምቆጣጠረው።»

አዲሱ አዝመራ ገብቶ ጎተራዋ እንደገና ስትሞላ፣ ሙሽሪት ጭቃዋን አቡክታ ለምርጊት ጎተራዋ ሥር ተንበረከከች። አራቱን ጡቶች አየች፣ ደህና ናቸው። ከአራተኛው ወዲያ ግን አንድ እንግዳ ነገር አየች። አዲስ ቀዳዳ ነው፤ ጠርዙ የተበጣጠሰ፣ የአላዋቂ እጅ የበሳው። የተወተፈውም በቆሮቆንዳ ሳይሆን ከካፖርት በተቆረጠ ጨርቅ ነው።

ሙሽሪት ጨርቁን ጎትታ አወጣች። ምንም አልፈሰሰም። ጎንበስ ብላ ስታይ ምክንያቱ ገባት። ባለቁልፉ ቀዳዳውን የበሳው ከጎተራዋ ወለል በታች፣ ምርጊቱ ብቻ ተንጠልጥሎ ባዶ ኪስ በሠራበት ቦታ ነው። ጎተራን ከላይ ብቻ የሚያውቅ ሰው ወለሏ የት እንደሆነ ከየት ይወቅ? የበሳው አየር ነው። ስንት ቀን ጣሳውን ከሥሩ ደቅኖ፣ ጨርቁን እየነቀለ፣ ምነው አልወርድ አለ እያለ እንደተንበረከከ አሰበች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ምን አገኘሽ?» አሉ አማቷ ከደጃፍ።

«ምንም እማማ። አይጥ የጀመረው ነገር ነው።»

ልትደፍነው ጭቃ ዘገነች። ከዚያ ሐሳቧን ለወጠች። ከአራተኛው ጡት አንድ እፍኝ አለበችና ወደ ባሏ ቀዳዳ ውስጥ አፈሰሰችው፤ ከላዩ ጨርቁን እንደነበረ አድርጋ ወተፈች።

የለፋ ሰው ነው። ባዶ እጁን አይመለስ።